ደጃፍ ላይ የተጣለ አዲስ ሳንቲም

ቤይሩት በኖርኩባቸው ዓመታት በብዙ ነገር ተፈትኛለሁ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን የሳንቲሙ ፈተና ነው። አዲስ ሠራተኛ ቤት ስትገባ ማዳም ሳንቲም እዚህም እዚያም ትጥላለች፤ ሶፋ ሥር፣ ምንጣፍ ጫፍ ላይ፣ መታጠቢያ ቤት፣ ለእጥበት በወጣ ሱሪ ኪስ ውስጥ። አንስተሽ "ማዳም፣ ይኼን አገኘሁ" ብለሽ ካስረከብሻት ታማኝ ነሽ። ሳታስረክቢ ከቀረሽ ሌባ ነሽ። ሌላ መልስ የለውም።

እኔ የመጣሁት እዚያ ከነበረው ጦርነት ቀጥሎ ባለው ዓመት ነበር፤ ፈተናውንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አለፍኩ። ማዳሜ ቋጣሪ ስለነበረች የምትጥለው ሁልጊዜ ያንኑ አንዱን ሳንቲም ነበር። ጠርዙ ላይ ጭረት ስላለበት ለየሁት። ዛሬ ከሶፋ ሥር አንስቼ አስረክባታለሁ፤ ነገ አልጋ ሥር ተኝቶ አገኘዋለሁ። ኋላ ላይማ እንደ ጎረቤት ተላመድን፤ "እንዴት አደርክ?" ልለው ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን ባስረከብኳት ቁጥር ፊቷ እየበራ "ብራቮ፣ ሻትራ!" ትለኛለች። ለሕፃን "ጎበዝ" እንደሚባለው መሆኑ ነው። እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ሁለት ልጆች ትቼ የመጣሁ ሴት ነበርኩ።

ቤታቸው ዛልቃ ነው፤ አውራ ጎዳናው ጫፍ ላይ። በረንዳው ላይ ስትቆሚ ከሥርሽ መኪናው ወደ ሰሜንና ወደ ቤይሩት ሲበር ይታያል፤ ድምፁ ቀንም ሌትም አይቋረጥም። ሥራዬ የባሏን፣ የሚስተርን እናት መንከባከብ ነበር። ቴታ እንላታለን፤ በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። እግሯ ከከዳት ቆይቷል፤ ምላሷ ግን አልከዳትም። ስትሰድበኝ ውላ ማታ እጄን ካልያዝሽ አልተኛም የምትል ሴትዮ ነበረች። በዚህ ሁኔታ ዓመታት ካለፉ በኋላ ማዳሜ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗ መራመድ ስትጀምር ደግሞ "አንቺ ለቴታ፣ ሌላ ሠራተኛ ለቤቱና ለቤቢ" ተባለና ወሎዬዋ ልጅ መጣች።

ልጅ የምላት ልጅ ስለነበረች ነው። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ዕድሜና ፊቷ ላይ ያለው ዕድሜ አይገናኙም። ቀጭን፣ ጠይም፣ ስትሰግድ ድምፅ የማይሰማ፣ ስትስቅ አፏን በሻርፗ የምትሸፍን። የመጣች ዕለት ማድቤት ውስጥ ቆማ ጋዙን፣ ፍሪጁን፣ ማጠቢያ ማሽኑን አየችና፣ "እታለም፣ ይኼ ሁሉ ሥራ እነሱ ካላቸው እኛ ምን ልንሠራ ነው የመጣነው?" አለችኝ። "ቆዪ ብቻ፣ ታዪዋለሽ" አልኳት። ሳምንት ሳይሞላ አየችው።

አረብኛ አልነበራትም። እኔ ነበርኩ ምላሷም ጆሮዋም። መጀመሪያ ያስተማርኳት ስለ መክተቡ ነው፤ መክተብ የምንለው ሠራተኛ የሚያስመጣውን ቢሮ ነው። ያስመጡን ሰዎች እንደ ፍሪጅ ዋስትና አውጥተውልናል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ማዳም ካልወደደችሽ ትመልስሽና ሌላ ትወስዳለች። ዋስትናው ካለቀ በኋላ ግን መመለስ ስለማይቻል፣ ወደድሽም ጠላሽም ቤቱ ቤትሽ ነው። የተመለሰች ሴት ምን እንደምትሆን አውቃለሁ። እኔ የመጣሁ ዕለት መክተቡ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙረው ያስቀመጧት አንዲት ሴት ነበረች። ሰላም ብላት አልዞረችም። በኋላ ስትዞር ዓይኗ አብጦ አንዱ ተከድኗል። ለልጅቷ ይህን ሁሉ ነገርኳትና "ምንም ቢሆን፣ ምንም ይሁን ምን፣ ዋስትናው ሳያልቅ እንዳትመለሺ" አልኳት። "ወላሂ አልመለስም" አለች። እሷን ያስፈራት ቤቱ ሳይሆን ያ ግድግዳ ነበር።

ስለ ወደቀ ሳንቲምም አስጠንቅቄያታለሁ፤ ፈተና መሆኑን ግን አልነገርኳትም። "የወደቀ ገንዘብ ካየሽ ኪስሽ እንዳትከቺ፤ ለማዳም ስጫት" ብያታለሁ። እሷም "የሰው ገንዘብ ምን ያደርግልኛል?" ብላ ተቆጣችኝ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰለኝ።

ሥራዋ ንጹሕ ነበር። ከሥራዋ ይልቅ የቤቱን ሰዎች ያሸነፈቻቸው ግን በሕፃኗ ነው። ትንሿ ከእናቷ ጋር ሲሆን ምግብ አልበላም ብላ ታለቅሳለች፤ ከልጅቷ ጋር ሲሆን እየሳቀች ትጎርሳለች። አማርኛ መናገር ጀመረች፤ "ነይ"፣ "እምቢ"፣ "እሹሩሩ" ማለት ቻለች። ማዳሜ ይህን ስትሰማ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ያልፋል። ቅናት ይሁን ፍርሃት እንጃ።

ኅዳር ገባና የነፃነታቸው በዓል ደረሰ። በየበረንዳው ባንዲራ ተሰቀለ። ሚስተር የሚሠራው ባንክ ቤት ነበር፤ አንድ ማታ በትንሽ ላስቲክ አዲስ ሳንቲም ይዞ መጣ። ነፃ የወጡበትን ቀን ለማሰብ ተብሎ በዚያ ዓመት የወጣ ነው። ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ያበራል፤ የሰው እጅ ገና አልነካውም፤ መሐሉ ላይ የዝግባ ዛፋቸው አለ። ለቴታ አንድ ሰጣት፤ እሷም በመነጽሯ አገላብጣ ካየችው በኋላ በዚያን ዕለት ገና ሕፃን እንደነበረች፣ አባቷ ትከሻው ላይ አድርጎ ሕዝቡን እንዳሳያት አወራች። ትንሿም አንድ ደረሳት፤ ወዲያው አፏ ውስጥ ከተተችው። ሚስተር ደስ ብሎት ስለነበር ወደ እኔ ዞረና፣ "እናንተስ ነፃነታችሁን የምታከብሩት መቼ ነው?" አለኝ።

"እሑድ እሑድ፣ ከሰጣችሁኝ" አልኩት።

እሱ ሳቀ። ማዳሜ አልሳቀችም። ለእኔም አንድ ሳንቲም አልደረሰኝም፤ እሑድም አልደረሰኝም።

ልጅቷ በዚህ ሰዓት ማድቤት ሆና ዕቃ እያጠበች ነበር። ማንም ጠርቶ "ነይ እይ፣ አዲስ ሳንቲም ወጥቷል" አላላትም። ሠራተኛን ማን ይጠራል? የተረፈው ሳንቲም በመስተዋት ሳህን ሆኖ ማዳሜ የምትቆልፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ።

በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ሕፃኗ ታመመች። ትኩሳት ነው። ዶክተሩ ቤት ድረስ መጥቶ ጉሮሮዋን በባትሪ አየና ቶንሲል ነው ብሎ ሽሮፕ አዘዘ። ቴታ ግን በሽሮፕ አታምንም፤ ከቡዳ ዓይን ይጠብቃል የሚባል ሰማያዊ ጨሌ አስፈልጋ አልጋዋ ላይ አሰረችላት። ማዳሜ ዩኒቨርሲቲ የተማረች ናት፤ ቴታ ጨሌውን ስታስር ግን አልከለከለቻትም፤ እንዲያውም ራሷ በደንብ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። ልጅቷ ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል አልነካትም። ትንሿን ደረቷ ላይ አድርጋ ኮሪደሩን ስትመላለስ ነው የማገኛት።

በመሐሉ አንድ ቀን ማድቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጥን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እታለም፣ እነዚህ ሰዎች ጠላት አላቸው እንዴ?" አለችኝ።

"ማን ጠላት የሌለው አለ? ምነው?"

"እንዲያው ነው።"

"ትልቁ ጠላታቸው የቴታ ምላስ ነው" ብዬ ቀለድኩባት። ፈገግ አለች። ሌላ ነገር ልትነግረኝ ፈልጋ ነበር፤ እኔ ግን ቴታ እየተጣራች ስለነበር እጄን ታጥቤ ሄድኩ። ምን አይታ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ማዳሜ ማታ ማታ ሳንቲም መበተን ጀምራ ነበር። የልጅቷ ዋስትና ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ቀን ነው፤ ካለቀ በኋላ መመለስ ስለማይቻል የመጨረሻውን ፈተና መስጠቷ ነው። በኔ ጊዜ ያቺን የተጫረች ሳንቲም ተጠቅማ ነበር፤ አሁን ግን ሳህኑ ሙሉ አዲስና የሚያብረቀርቅ ሳንቲም አለላት። ዓይን ይስባል ብላ ይሆናል። ባሏ ለነፃነት በዓል ያመጣውን ወጥመድ አደረገችው።

ወሎም ሆነ አዲስ አበባ ያደገ ሰው መንገድ ላይ የወደቀ ሳንቲም አያነሳም። እኛ ሰፈር መንታ መንገድ ላይ ሳንቲም ካየን እናቶቻችን ከሩቅ ይጮሁብናል። የታመመ ሰው ራስ ላይ አዙረው የጣሉት ደንቃራ ነው፤ ያነሳው ወይም የረገጠው ሰው በሽታውን ይዞ ይሄዳል። እኔ ከተማ ስላደግሁ፣ ቤይሩትም ስለቆየሁ ነገሩ ከአእምሮዬ ወጥቶ ነበር። ልጅቷ ግን ከአገሯ ከወጣች ገና ወራት ነው። ቤት ውስጥ ትኩሳት የያዛት ሕፃን አለች። ማታ ያልነበረ፣ ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ፣ እዚህ አገር አይታው የማታውቀው ዓይነት ሳንቲም፣ ጠዋት ስትነሳ ከወንበር ሥር፣ ከበር ኋላ ታገኛለች። እስቲ ሌላ ምን ትበል?

በዚያን ዕለት ጠዋት ቴታን ፊቷን እያጠብኩ ሳለ ከመግቢያው በር በኩል የሕፃኗ ለቅሶ ተሰማ። ሮጬ ስወጣ ትንሿ በፒጃማዋ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አንድ እጇን በሌላው ይዛ ትጮሃለች። ልጅቷ በተከፈተው የበረንዳ በር ቆማ ታለከልካለች። ማዳሜም ከመኝታ ቤቷ እየወጣች ነው። መጀመሪያ ያየችው ልጇን አልነበረም፤ ወለሉን ነው ያየችው።

"እዚህ የነበረው ሳንቲም የት ሄደ?" አለች።

እኔ የዚህን ሳንቲም ነገር የሰማሁት ያኔ ነው። ለልጅቷ "ምን ሳንቲም ነው የምትለው?" አልኳት።

"ጣልኩት እታለም። አብሽሪ፣ ርቆ ሄዷል" አለችኝ። ፊቷ ላይ ፍርሃት የሚባል የለም፤ ሥራዋን የጨረሰች ሰው ነው የምትመስለው። "ደንቃራ ጥለውባቸው ነው። ቤቱን ሞልተውታል። እስካሁን ሳልነካው ዙሪያውን እየወለወልኩ ነበር የማልፈው፤ ዛሬ ግን ደጃፉ ላይ አድርገውት ሕፃኗ ጎንበስ ብላ ልታነሳው ስትል ደረስኩ። እጇን መታ አድርጌ ነጠቅኳት። መንታ መንገድ ላይ ልጥለው ብል ሌላ ሰው ይረግጠዋል፤ ከበረንዳው አውራ ጎዳናው ላይ ጣልኩት። እዚያ መኪና እንጂ ሰው አይሄድም።"

የማዳሜ ወጥመድና የልጅቷ ደንቃራ አንድ ሳንቲም መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። ሁለቱንም ቋንቋ ማወቄን እንደዚያ ጊዜ ጠልቼው አላውቅም።

እውነቱን ብናገር ምን እንደሚመጣ ስላወቅሁ ዋሸሁ። "ማዳም፣ መጫወቻ መስሏት ነው። ሕፃኗ እንዳትውጠው ፈርታ ጣለችው" አልኳት። ጥሩ ውሸት ነበር፤ ትንሿ ሳንቲም አፏ እንደምትከት ሁላችንም አይተናል።

"መጫወቻ ከበረንዳ ይጣላል?" አለች ማዳሜ።

ትንሿም በዚያ በሚኮላተፍ አፏ፣ "ማማ፣ ደረበትኒ" አለች። መታችኝ ማለቷ ነው።

አለቀ። ማዳሜ ወደ ልጅቷ መኝታ፣ ማድቤት አጠገብ ወዳለችው ጓዳ ገባች። ፍራሹን ገለበጠች፣ ትራሱን ዳሰሰች፣ ሻንጣዋን ዘረገፈች፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ሳንቲም አልተገኘም። የተገኘው መስገጃ፣ መቁጠሪያና በጨርቅ የተቋጠረ የደረቀ ጤና አዳም ነው፤ እናቷ ስትሸኛት የሰጠቻት። ማዳሜ ቋጠሮውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ "ሹ ሃይዳ?" አለች። ምንድነው ይሄ? "የሆድ ቁርጠት መድኃኒት ነው" አልኳት። ይሄኛው እንኳን እውነት ነበር።

ሚስተር ክራቫቱን እያሰረ ወጣ። ነገሩን ሲሰማ፣ ገንዘቡ ምንም አይደለም፣ ልጄን መምታቷ ግን፣ ብሎ ጀመረና፣ "ደረክ ልጥራ?" አለ። ደረክ ፖሊስ ነው። ይህችን ቃል ልጅቷ ታውቃታለች። ዓይኗ ወደ እኔ ዞረ። "እታለም፣ ምን አልሽያቸው? እውነቱን አልነገርሻቸውም?" አለችኝ። "ዝም በይ፣ በማርያም ዝም በይ" አልኳት።

ዝም አላለችም። ሌባ መባሉን አልቻለችም። ባላት አረብኛ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "ማዳም፣ ምሳሪ መሪድ። ቤቢ መሪድ። ምሳሪ በራ" አለች። ገንዘቡ ታሟል፣ ሕፃኗ ታማለች፣ ገንዘቡን ወደ ውጭ፤ ይኸው ነው። ቃሉ ሲያልቅባት ደግሞ በእጇ አሳየቻቸው፤ እጇን በሕፃኗ ራስ ላይ አዙራ ወደ አውራ ጎዳናው ወረወረች።

ማዳሜ ልጇን ከመሬት ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። "ሲሕር!" ብላ ጮኸች። መተት ማለት ነው። "ልጄ ላይ ሲሕር ሠራችብኝ! ለዚህ ነው የታመመችው!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እኔ ከኋላዋ ስንቱን ብል ማን ይሰማኛል? ያልሠራችው ስርቆት ቀርቶ ያልሠራችው ጥንቆላ ሆነ። ቴታ ከክፍሏ ሆና፣ "የኔ እናትም መንገድ ላይ የወደቀ ነገር አታስነሳንም ነበር እኮ!" ብላ ጮኸች፤ ዕድሜ ይስጣት። የሕፃኗ አልጋ ላይ ሰማያዊው ጨሌ ተንጠልጥሏል። እነሱ ሲያስሩት ወግ ነው፤ እኛ ስንጥለው ሲሕር ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሚስተር ስልክ ደወለ። ደረክ ጋ አይደለም፤ ለመክተቡ ነው። "ዋስትናው ገና አላለቀም አይደል?" ሲል ሰማሁት። የማዳሜን እጅ ይዤ ለመንኳት። "ልጅሽን እንዴት እንደምትወዳት አይተሻል፤ ሌሊቱን ሙሉ ታቅፋት የምታድረው እሷ ናት" አልኳት። "አብረሻት መሄድ ትፈልጊያለሽ? ያላ፣ በሩ ያው" አለችኝ። እጇን ለቀቅሁ። ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት የሚውሉት በኔ እጅ ነው።

የመክተቡ ሰው ምሳ ሳይደርስ መጣ። ልጅቷ የመጣችበትን ልብስ ለብሳ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ሕፃኗ ከእናቷ እቅፍ ለመውጣት እየታገለች "ነይ! ነይ!" እያለች በአማርኛ ትጠራታለች። በሩ ጋ ስትደርስ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "እታለም፣ ዛሬ እንዳታጥቧት፣ ብርድ ይገባባታል" አለችኝ። ሰውየው ክንዷን ይዞ አሳንሰሩ ውስጥ አስገባት።

ከሰዓት በኋላ ቤቱን የማጽዳት ሥራ ወደኔ ዞረ። የቴታን ወንበር ሳንቀሳቅስ ከሥሩ አንድ አዲስ ሳንቲም አገኘሁ። ልጅቷ ጠዋት ወልውላው ስለነበር ወለሉ ያበራል፤ ሳንቲሙ ዙሪያ ግን የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ፣ ውሃ ያልነካት፣ አቧራዋ ያልተነሳ ቦታ አለች። መወልወያዋን ዙሪያውን አዙራ አልፋዋለች። ከመኝታ ቤቱ በር ኋላም እንደዚያው። መታጠቢያ ቤት ከቅርጫቱ ሥርም እንደዚያው። ማዳሜ የት የት እንደጣለችው ራሷም ረስታዋለች። አንዱም አልጎደለም፤ እያንዳንዱ ክቡ መሐል ተቀምጧል። የወለሉ ክቦች ላይ ተንበርክኬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ሰብስቤ ወሰድኩላት። "ማዳም፣ ሌባ ብትሆን ይኼን ትተው ነበር? ነይ፣ ወለሉን እዪው" አልኳት። መጥታ አየችው። ክቡን በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው። ፊቷ ተለወጠ፤ ለአፍታ ስልኩን የምታነሳ መሰለኝ። ከዚያ "ያኒ... ሐራም" አለች፤ ምስኪን እንደማለት። "ኸላስ፣ ሄዳለች" ብላ ሳንቲሞቹን ወስዳ ሳህኑ ውስጥ መለሰቻቸው። ወለሉን እንደገና ወለወልኩት።

ስለ ልጅቷ ለማወቅ ያልሞከርኩት የለም። ሌላ ፎቅ የምትሠራ ያገሬ ልጅ እሑድ የምትወጣ ስለነበረች መክተቡ ድረስ ልኬያት ነበር። "ተራራ ላይ ወዳለ ቤት ተልካለች" ብለው መለሷት። የየትኛው ተራራ፣ የማን ቤት፣ የሚነግራት አላገኘችም። ሕፃኗም ልጅቷን ስታስታውስ ለጊዜው ማድቤት እየገባች ትፈልጋት ነበር። ቆይቶ መፈለጉን ተወችው።

መርሳቷን ያመንኩት ግን ጸደይ ሲገባ ራውሼ እስከሄድንበት ቀን ድረስ ነው። ቴታን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ፣ ትንሿ ከጎኔ፣ ማዳሜ ከኋላ፣ ባሕሩ ዳር ባለው መንገድ እንሄዳለን። ከአግዳሚው ሥር አንድ አዲስ ሳንቲም ፀሐይ መትቶት ያብለጨልጫል። ትንሿ ጎንበስ አለች፤ እጇን ልትዘረጋ ብላ ሰበሰበችው። ጣቷን ቀስራ፣ "አትንኪው!" አለችኝ። በአማርኛ። በዚያች ልጅ የወሎ ዜማ።

"ምን አለች?" አለች ማዳሜ።

"ቆሻሻ ነው አለች።"

"ብራቮ፣ ሻትራ!" አለቻት እናቷ።

ከዚያ ዓመት አለፈ፤ ይበልጣልም። አንድ ቀን ማዳሜም ሚስተርም በሌሉበት የቤት ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ ናት። ደንግጬ የማርያምን ስም ጠራሁ። ቁጥሩን ያገኘችው ማዳሜ አስጠንታት ስለነበር ነው፤ ሕፃኗ ድንገት ብትታመም እንድትደውል ብላ። ያን ሁሉ ጊዜ ከራሷ አላጠፋችውም። የምትደውለው ከወሎ፣ ከእናቷ ቤት ነበር።

"እንዴት ነሽ? ምን ሆነሽ ቀረሽ? እንዴትስ ገባሽ?" ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ጠየቅኳት።

"አልሐምዱሊላህ፣ እናቴ ጋ ነኝ። ቀኝ እጄ ብቻ አልታዘዝ አለኝ እንጂ ደህና ነኝ" አለች። መክተቡ ውስጥ ሲመቷት ፊቷን በእጇ ከልላ ነበር። አጥንቱ ተሰብሮ ሳይታከም ተራራው ላይ ላሉት ሰዎች ሰጧት። በተሰበረ እጅ ምንጣፍ አጠበች። እጇ አብጦ ሲጠቁርና ሥራ ሲያቅታት በአውሮፕላን ሰደዷት። ይህን የምትነግረኝ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ነው። ስልኩን የያዘላት ታናሽ እህቷ ነበረች።

"የሰው አውሬ! እጃቸው ይሰበር! ማን ነው? ስሙን ታውቂዋለሽ?" አልኳት።

"ተይው እታለም። እነሱ ምን ያድርጉ?" አለችኝ። "በዚያ እጄ እኮ ነው ያነሳሁት። በጨርቅ መያዝ ነበረብኝ። ሕፃኗ ስትቀድመኝ ጊዜ አጣሁና በባዶ እጄ ነካሁት።"

"አንቺ! ሳንቲሙ አይደለም! የመቱሽ ሰዎች ናቸው! የጣለችውም ማዳም ናት፤ ልትፈትንሽ ነው፤ ሕፃን የሚጫወትበት ባዶ ሳንቲም ነበር!" ብዬ ጮህኩባት። ቴታ ከክፍሏ "ሹ፣ ሹ?" ትላለች።

ስልኩ ውስጥ ከሩቅ የዶሮ ድምፅ ይሰማል። እንደማታምነኝ ገባኝ። ማመንም አልፈለገች፤ ብታምነኝ እጇ ለምን እንደሄደ የምትለው ነገር አይኖራትም።

"አብሽሪ እታለም፣ አትናደጂ" አለችኝ፤ እኔን ልታጽናና። "ሕፃኗ ግን ተሻላት? በዚያን ዕለት ትኩሳቱ ለቀቃት?"

"ለቀቃት" አልኳት። "ድናለች። አድጋለች።"

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። "እንግዲያው በከንቱ አይደለም" አለች።

የዶክተሩን ሽሮፕ ነገር አልነገርኳትም።